ለትርንጎ ፊት የጠፋ ቀለም

በላስታ ጥቁር ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። አትሳቁብኝ፣ ሞክሩት። ላሊበላ ገበያ መሀል ቁሙና ያገኛችሁትን ሰው መልኩን ጠይቁት። አንዱ ቀይ ነኝ ይላችኋል፤ ሌላው ቀይ ዳማ ነው፤ ሦስተኛዋ ጠይም ናት፣ እሷም «ዓሣ መሳይ» ተብሎ ካልተጨመረላት ቅር ይላታል። ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የሚውለው ገበሬ እንኳ «ፀሐይ ነው እንዲህ ያደረገኝ እንጂ ብስል ቀይ ነበርኩ» ብሎ ያስረዳችኋል። የግድ ከሆነ «ጠቆር ይላል» ይባላል፤ እሱም ሰውየው በሌለበት፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ጥቁር የሚባለው አዝሙድ ነው፣ ጤፍ ነው፣ ሰሌዳ ነው፣ በግ ነው። ሰው ግን፣ ተመስገን ነው፣ ሁላችንም ቀይ ነን። እኔ ራሴ በአክስቴ ስሌት ጠይም ነኝ። መስታወቴ ሌላ ይላል፤ እሱ ግን ዘመድ ስላልሆነ አልሰማውም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንድ የፊደል መጽሐፍ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ምን አገናኘው ትሉኛላችሁ፤ ይመጣል፣ አትቸኩሉ።

እኔ እዚሁ ላሊበላ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሥራዬ ልጆችን ከ«ሀ» አንስቶ እስከ «ፐ» ማድረስ ነው፤ ጎን ለጎን የእንግሊዝኛውንም ፊደል አስቆጥራለሁ። ከተማችን የእንግዳ ከተማ ስለሆነች መጽሐፍ በስጦታ ይመጣልናል፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይስጥልን። ታዲያ በመጽሐፎቹ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ ጸጉራቸው የበቆሎ ጺም ነው የሚመስለው። በአንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ከበረዶ የተሠራ ሰውዬ አለ፤ ኮፍያ ደፍቶ፣ በአፍንጫው ቦታ ካሮት ተሰክቶለት ይስቃል። የእኔ ተማሪዎች በረዶን የሚያውቁት የአባታቸውን ገብስ ሲያጠፋ ነው። «ቲቸር፣ ይኼ ሰውዬ በማን ነው የሚስቀው?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ገጹን ገለጥኩት።

ታዲያ ባለፈው ገና አንዲት እንግዳ መጣች። ከባሕር ማዶ ለበዓሉ የመጣች ረጅም፣ ደርባባ ሴት ናት፤ መልኳ ከሁላችንም የጠቆረ፣ ጸጉሯን በቀጫጭኑ የተሠራች፣ ነጠላዋን እንደ አገሬው ያጣፋች። የሰፈር ልጆች ገና ሲያዩዋት «ፈረንጅ፣ ፈረንጅ» እያሉ ተከተሏት። ፈረንጅነት በእኛ ዘንድ የቆዳ ጉዳይ አይደለም፤ የካሜራና የጫማ ጉዳይ ነው። አስጎብኚዋ ምን እንደሚሏት ሲነግራት ቆማ ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

መጽሐፉን ለክፍሌ የሰጠችው ያቺ ሴት ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ነገር ግን በየገጹ ያለው ልጅ ጥቁር ነው። አንዷ በእናቷ ጉልበት መሀል ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች፤ አንዱ በአያቱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ከበሮ ይመታል፤ አንዷ ነጭ ጋዋን ለብሳ የአሻንጉሊቷን ልብ ታዳምጣለች። እንደዚህ የሚያምር መጽሐፍ በእጄ ይዤ አላውቅም። ሴትየዋ የተናገረችውን አስጎብኚው ተረጎመልኝ፦ ልጅ ሆኜ በፊደል መጽሐፍ ውስጥ ራሴን ፈልጌ አጥቼው ነበር፤ ሌላ ልጅ እንዳያጣው ብዬ ነው፣ አለች። አዘንኩላት። በልቤም፣ እኛ ዘንድስ እንዲህ ያለ ችግር የለም፣ እዚህ ሁሉም ልጅ በአገሩ ነው፣ አልኩ። ይህን ባልኩ በማግስቱ ነው ጉዴን ያየሁት።

መጽሐፉን ይዤ ክፍል ስገባ ልጆቹ ተንጋግተው ከበቡኝ። ሹሩባ የምትሠራዋን ልጅ አይቶ «እህቴ ናት» ያለ አለ፤ ከበሮ መቺውን ለመሆን የተጣሉም አሉ። ከዚያ ከሁሉም የጠቆረች፣ ፊቷ የሚያበራ ልጅ ያለችበት ገጽ ላይ ደረስን። ከኋላ አንዱ ጣቱን ቀስሮ «ትርንጎ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ትርንጎ አላለቀሰችም። ሁለት እጆቿን ከዴስኩ ላይ አነሳችና ቀስ ብላ ከሥር ደበቀቻቸው።

ትርንጎን ላስተዋውቃችሁ። ትርንጎ ፍሬው ቢጫ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ ቢጫ አይደለችም፤ ስሙን ያወጡላት አያቷ የኔታ ላቀው ናቸው። የኔታ በአጥቢያችን ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ፣ ቅዱሳት ሥዕላትንም የሚሥሉ ሰው ናቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዘነቡ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዬ ናት። ትርንጎ ገና ዳዴ ስትል ዘነቡ ለሥራ አረብ አገር ሄደች፤ እስካሁንም አልተመለሰችም። የኔታም ባለቤታቸው ስላረፉ ልጅቱን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። ልጅቱ ቁርጥ ዘነቡን ናት። ግንባሯ ዘነቡ፣ አፍንጫዋ ዘነቡ፣ ጥቁረቷም የዘነቡ።

በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና «እጅሽን ምን አስደበቀሽ? የእናትሽን መልክ እኮ ነው የያዝሽው» አልኳት።

ትልቅ ሰው ሲዋሽ እንደሚታየው አድርጋ አየችኝ። «እናቴ ቀይ ናት» አለች።

«ማን አለሽ?»

«አያታለሁ። በየእሑዱ በስልክ አያታለሁ።» ከዚያ ወደ መሬት አቀርቅራ፣ የትምህርት ቤት ደወል ሰዓት የምትነግረኝ ያህል በተረጋጋ ድምፅ፣ «እኔ ከደብሩ በር ላይ ነው የተገኘሁት። ልጆቹ ነግረውኛል። አባባ እንዳላዝን ብለው ነው የደበቁኝ» አለች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዘነቡ በስልክ ከእኔም ጋር በምስል ትነጋገራለች፤ ስትደውል ግን ያ ፊልተር የሚሉትን ነገር ሳታደርግ አትቀርብም። ዱቄት መስላ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ ጎልቶ፣ አንዲት መሥመር የሌለባት ሆና ነው የምትመጣው። እኔ እንደ ቀልድ ነበር የማየው። በሰው ቤት ስትለፋ ውላ የተጎዳ ፊቷን አባቷና ልጇ እንዳያዩባት ብላ ነው፤ ማን ይፈርድባታል? ግን ልጇ እናቷን በሌላ መልክ አይታት አታውቅም። አንድም ፎቶዋ ቤት ውስጥ የለም።

«ስልኩ ነው እኮ እንደዚያ የሚያቀላት» አልኳት።

«ስልኩ ከሆነ ታዲያ እኔንስ ለምን አያቀላኝም?» አለች። «ስንነጋገር እኔና አባባ ከጥግ በኩል በትንሹ እንታያለን። እኛ እንደዚሁ ነን።»

እስቲ እናንተ መልሱላት። ፊልተር የሚሠራው ባበራው ሰው ላይ ብቻ ነው ብዬ ለሰባት ዓመት ልጅ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እያስረዳሁ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። አንገቷን ነቅንቃ «እሺ ቲቸር» አለች። ያገራችን ልጅ ካላመናችሁ እሺ ይላችኋል።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ቆረጥኩ። የራሳችንን የፊደል መጽሐፍ እንሠራለን፤ በየፊደሉ የክፍሌ ልጅ ይሣላል፣ ትርንጎም በ«ት» ገጿ ላይ ቁጭ ብላ ራሷን ታገኛለች። ሠዓሊ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። የኔታ ሰሞኑን እንግዳ ስለቀነሰ ብሩሻቸው ሥራ ፈትቶ ነበርና በደስታ ተቀበሉኝ። አንዱን ልጅ ከነአህያው፣ አንዷን ጸናጽል ይዛ፣ ትርንጎን ደግሞ መጽሐፍ ስታነብ እንዲሥሉልኝ ነገርኳቸው። ልጅቱ ስለራሷ የምታስበውን ግን አልነገርኳቸውም፤ አንጀታቸው እንዳይቆረጥ ብዬ ነው።

ሥዕሎቹ ሲመጡ ክፍሉ ተተራመሰ። ውበታቸውን ምን ልበላችሁ፤ ዓይናቸው የቡና ስኒ ያህላል፣ ሁሉም ፊት ለፊት ያያል። በየኔታ ትምህርት በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ክፉ ሰው ነው፤ ይሁዳ ነው የሚሣለው እንደዚያ። መጽሐፍ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ደግሞ ዓይኑ አይታይም። ስለዚህ ትርንጎም ሌሎቹም መጽሐፋቸውን ገልጠው ይዘው እናንተን ነው የሚያዩት። የሚያነብ ልጅ የሌለበት የንባብ መጽሐፍ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ይመስለኛል።

መልካቸው ደግሞ አንድ ነው፤ ሁሉም እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቅዱሳን ስንዴ መልክ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸውን የለዩት በልብሳቸው ነው። «ጫማዬ ይኼው»፣ «አህያችን ናት፣ ጆሮዋን እዩት» እያሉ ተሻሙ። ትርንጎ ተራዋን ጠብቃ «ት» ገጽ ላይ ደረሰችና አየች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ማን ናት?» አልኳት።

«እናቴ ናት» አለች። «ቤት ልውሰዳት?»

በዕለቱ የቀረውን ትምህርት እንዴት እንዳስተማርኩ አላውቅም። ማታ ሳይመሽ ሥዕሉን ይዤ ወደ የኔታ ቤት ወጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በቆርኪ ቀለም ይበጠብጣሉ።

«የኔታ፣ ይህቺ ማን ናት?»

«ትርንጎ ናታ። አላሳመርኳትም?»

«አሳምረዋታል። ግን አቅልተዋታል።»

ቆርኪውን አስቀመጡ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እኔ በዚህ ብሩሽ ጥቁር ቀለም ፊት ላይ ያደረግሁት ለአንዱ ብቻ ነው፤ ከቅዱስ ሚካኤል እግር ሥር ለተረገጠው። ጻድቁን በስንዴ መልክ፣ ያንን በጥቁር፤ መምህሬ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። እና ከዚያ ከተረገጠው ፊት የተረፈውን ቀለም ወስጄ በልጄ ልጅ ፊት ላይ ላድርገው? እጄስ ይታዘዘኛል?»

መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ጥቁረት ክብር፣ ስለዚያች እንግዳ፣ ስለ ሕፃናት መብት። ሁሉንም ዋጥኩት። ሰውየው ልጅቱን ንቀው ያቀሏት መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር የመጣሁት፤ ለካ ስለሚወዷት ነው። የጎዳትም ያው መውደዳቸው ነው። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ ትርንጎ ይህንን አይታ እናቴ ናት አለች። ራሷን ደግሞ ከደብሩ በር የተገኘሁ ነኝ ነው የምትለው።»

«ከደብሩ በር?» አሉ። ቤታቸውን ዞረው አዩት። «ዘነቡ እዚህች ቤት ውስጥ ነው የወለደቻት። እትብቷ ያ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው።»

«እኔ አውቃለሁ። እሷ ናት የማታውቀው።»

ሥዕሉን ከእጄ ተቀበሉና «ነገ ከትምህርት ስትወጣ ይዘሻት ነይ» አሉኝ።

የኔታ ሰው ፊታቸው አስቀምጠው ሥለው አያውቁም። ቅዱሳኑን የሚሥሉት ከመምህራቸው በወረሱት መልክ ነው፤ ዓይኑ እዚህ፣ እጁ እዚህ፣ አለቀ። አሁን ግን በርጩማ ላይ አንዲት የምትቁነጠነጥ ልጅ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ጥቁሩን ቀለም ብቻውን ነከሩና ሣሉ፤ ሰሌዳ መሰለችባቸውና ቀደዱት። ቀይ ጨመሩበት፤ ጡብ ሆነች። ቢጫ አከሉ፣ እንደገና ጥቁር መለሱ፣ አንገታቸውን አዘንብለው አዩዋት፣ ተነሥተው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። «ጉድ እኮ ነው» አሉ፣ ሰው ያታለላቸው ይመስል እየተነጫነጩ፤ «ቀዩም ቢጫውም ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቆርኪ አቀብላለሁ። ቅንድቧን ጨርሰው ወደ አፏ ሲወርዱ እጃቸው ቆመ። «ዘነቡዬ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ያ ሁሉ ዓመት በየእሑዱ ልጃቸውን ሲያነጋግሩ፣ የልጃቸውን ፊት ግን አላዩትም ነበር።

ሲያልቅ ትርንጎ ቀርባ አየች። «እኔ ነኝ» አለች፤ ደስ አላት፣ ጥርሷ ሁሉ ታየ።

«እናትሽም በአንቺ ዕድሜ እንደዚሁ ነበረች» አሏት የኔታ።

ሳቋ ጠፋ። እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። «እሺ አባባ» አለች።

በማግስቱ ሥዕሉ ክፍል ውስጥ ሲታይ ሌላ ጣጣ መጣ። ሌሎቹ ልጆች የእነሱን ገጽ እያዩ አኮረፉ። የትርንጎ ሥዕል ትርንጎን ይመስላል፣ የእኛ ግን እኛን አይመስልም፤ የኔታ እንደገና ይሣሉን አሉ። ከብልባላ የሚመጣው ባለ አህያው ልጅ አህያዋ ብቻ ራሷን እንደምትመስል ነግሮኝ ሊያለቅስ ደረሰ። ከሰዓት ደግሞ አንዲት እናት መጥታ፣ የኔታ የልጄን መልክ እንዳይነኩብኝ፣ ቀይ እንደሆነች ትቅር ብላ ለመነችኝ። ልጅቷ ምን ያህል ቀይ እንደሆነች ግን አልነግራችሁም፣ ሰው አላማም። ለሁለቱም ወገን እሺ አልኩ፤ እኔም ያገሬ ልጅ ነኝ።

ሥዕሉን በስልኬ አንስቼ ለዘነቡ ላክሁላት። አንድ ቃል አልጻፍኩበትም። ምን ተብሎ ይጻፋል? ልጅሽ አልወለደችኝም ትላለች ይባላል? በአረብ አገር በሰው ቤት ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይላክም።

እሑድ ከሰዓት ዘነቡ የምትደውልበትን ሰዓት አውቃለሁና የኔታ ቤት ተገኘሁ። አጋጣሚ ነው ብላቸው አላመኑኝም። ስልኩ ጮኸ፣ ትርንጎ አያቷ ጉልበት ላይ ወጣች፣ ያ ዱቄት የመሰለ ፊት ብቅ አለ። እንደወትሮው ሰላምታው እስኪያልቅ ደጅ ያለው ዶሮ እንኳ በየተራ ይጠየቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ዘነቡ ሰላምታውን ከመሀል አቋረጠችው።

«አባባ፣ ያንን ሥዕል መቼ ነው የሣሉኝ?» አለች። «ልጅ ሆኜ ሥለውኝ ነበር እንዴ? ለምን እስከ ዛሬ ደበቁኝ?»

የኔታ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋቢያቸውን ጎተትኩ።

ትርንጎ ስልኩን ከእጃቸው ወሰደችው። «አንቺ አይደለሽም» አለች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አለች ዘነቡ። «እኔ እኮ ራሴን ያየሁ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። እስቲ ጠጋ በይልኝ የኔ ዓለም።»

ትርንጎ አልተጠጋችም። «አንቺ ቀይ አይደለሽም እንዴ?» አለች።

ዘነቡ ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን ስታውቅ ደግሞ ተወችው። ወደ እኔ አየች፣ ወደ አባቷ አየች፤ እኛ ሁለታችንም የምናይበት ጠፍቶን ጣሪያውን እናያለን። ምን እንደገባት አላውቅም፣ ግን ጣቷ ወደ መስታወቱ መጣ፣ የሆነ ነገር ነካች፣ ፊቷ እንደመንቀጥቀጥ አለና ዱቄቱ ሁሉ ከላይዋ ተነሣ። ከሥሩ ዘነቡ ወጣች። ጥቁር፣ ከዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ግንባሯ ላይ ሻሽ የሠራው መሥመር ያለባት፣ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠችዋ ዘነቡ። አፍራ ፊቷን በእጇ ልትሸፍን ነበር፤ ተወችው።

ትርንጎ ስልኩን አፍንጫዋ እስኪነካው አስጠግታ የእናቷን ግንባር አየች፣ አፍንጫዋን አየች፣ አፏን አየች። አልቸኮለችም፤ እናቷም አላስቸኮለቻትም። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረችና፣ ደጅ እንግዳ እንዳየ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ እናቴ መጣች» አለች።

አልመጣችም። መቼ እንደምትመጣም አይታወቅም። እኔ መምህርት ነኝ፣ እንጀራዬ የልጅ ስሕተት ማረም ነው። ያን ዕለት ግን አላረምኳትም።